ባለ ቀለበቷ ድስት

የመካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ሻይና ፓስቲ የምትሸጠውን ዘሊካ አሕመድኑርን የማያውቅ ካለ፣ ወይ ዛሬ የገባ እንግዳ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። እንግዳውም ቢሆን አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጨርስ ነው። ማን አጨ፣ ማን ፈታ፣ የማን በግ ጠፋ፣ የትኛው ሹም ሊዛወር ነው፣ ሁሉም ከማንቆርቆሪያዋ ጋር አብሮ ይቀዳል። ነገር በሆዷ አያድርም። "ይቺን ለማንም እንዳትነግሪ" ብሎ ምስጢር የሚሰጣት ሰው ካለ፣ ወሬው ቶሎ እንዲዳረስለት የፈለገ ብቻ ነው። እሷም አትክድም። "ምን ላድርግ ታዲያ፣ ጀሊሉ ሲፈጥረኝ መዝጊያውን ረስቶት!" ብላ አፏን ይዛ ትስቃለች።

ይቺው ዘሊካ ናት እንግዲህ ባለፈው ጥር ከጠዋት እስከ ማምሻ አፏን ዘግታ የዋለችው። ልብ በሉ፣ ዘሊካ! ጎረቤቶቿ እስከ ዛሬ "ኧረ ተይ" ይሏታል። ደግሞስ ዝም ያለችው በማን ፊት መሰላችሁ? በአባቷ ገዳይ ፊት ነው፤ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ትከሻዋ ትከሻውን እየነካ።

ቆይ፣ ከስሩ ልጀምር፤ አለበለዚያ እኔም እንደ ዘሊካ እቀላቅለዋለሁ።

አባቷ አሕመድኑር የቅሬው ዕቃ ጠባቂ ነበር። ቅሬ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚደርስ ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያበላል። ድንኳኑ የጋራ ነው፣ አግዳሚው የጋራ ነው፤ ድስቱ ግን ለየብቻ ነው። የእስላም ሥጋ የሚሠራበት ወዲህ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚሠራበት ወዲያ። በዚህ ቀልድ የለም። የወሎ ሰው ተጋብቶ ይኖራል፣ ተቃቅፎ ያለቅሳል፣ የሥጋ ድስት ግን አያቀላቅልም። ሌባው እንኳ በዚህ አይዋሽም፤ ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

አሕመድኑር ብቻውን አይጠብቅም ነበር። ጓደኛው ዋለ የሚባል ክርስቲያን ነው፤ እኛ አያ ዋለ የምንለው። አንዱ ሲጾም ሌላው ይጠብቃል፣ አንዱ ሲያመው ሌላው ያድራል። የእስላሙ ድስቶች በአረንጓዴ ቀለም ምልክት ነበረባቸው፤ ጥላሸቱ ቀለሙን እየበላው በአንድ ለቅሶ ላይ ድስት ተለዋውጦ፣ ግማሹ ለቀስተኛ ጦሙን ወደ ቤቱ ሄደ። ሁለቱ ጠባቂዎች በሀፍረት ሊሞቱ! ያኔ አያ ዋለ አንድ ብልሃት አመጣ። የሞተች በቅሎው ልጓም ላይ ግራና ቀኝ ሁለት የነሐስ ቀለበቶች ነበሩ፤ ባለ እጅ ለሠርጉ ብሎ እንደ ሹሩባ ጠምዝዞ የሠራቸው። አንዱን ነቅለው ከእስላሙ ድስቶች በትልቋ ጆሮ ላይ ቀጥቅጠው አስገቡት። ያን ዕለት ማታ ዘሊካ ለአባቷ እራት ብታደርስ፣ ሰውዬው በደስታ ድስቷን እንደ ልጅ እያቀፈ አሳያት።

"ከእንግዲህ ወዲያ ዕውርም ቢሆን በዳሰሳ ይለያታል" አላት። "ባለ ቀለበቷ የእስላም ናት፤ በቃ!"

ዘሊካ አባቷን በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ያኔ ነው። በማግሥቱ የቅሬው መጋዘን ተሰብሮ፣ አዲሱ ድንኳንና ድስቶቹ ተዘርፈው፣ አሕመድኑር ጭንቅላቱን ተመትቶ ደጃፉ ላይ ወድቆ ተገኘ። አያ ዋለ ያን ሌሊት ልጁ ታሞበት ቤቱ ነው ያደረው። ታዲያ ይሄን ማን ያምነዋል?

ሀገር ለአውጫጭኝ ወጣ። አውጫጭኝ ላይ ሁሉም በየተራው እየቆመ የት እንደዋለ የት እንዳደረ ይናገራል፣ ይምላል። አየሁ ሰማሁ የሚል ሰው ደግሞ በአደባባይ መናገር ከፈራ፣ ለዳኛው በጆሮው ሹክ ይላል። እሱ "ወፍ" ይባላል። ዳኛው "ወፍ እንዲህ አለች" ብሎ ያወራል እንጂ የወፏን ስም ሞቶ አያወጣም፤ ምሏላ! የቅሬው ዳኛ ጋሽ ካሳ ነበሩ። ተነሡና፣ "ወፍ በር የከፈተው ዋለ ነው ብላለች" አሉ።

በቃ፣ ያለቀ ነገር ሆነ። ፖሊስ አያ ዋለን አሰረው፤ ማስረጃ ሲጠፋ ለቀቀው። ፖሊስ ቢለቀው ሀገር መች ለቀቀው! ከቅሬ ተሰረዘ። እሳት የሚጭርለት፣ ጤና ይስጥልኝ የሚለው ጠፋ። የአሕመድኑር ሬሳ ከሐኪም ምርመራ ዘግይቶ ሲመለስ፣ በቀብሩ ዕለት አካፋውን ይዞ እንደ ሁልጊዜው ለቁፋሮ ቢመጣ ከእጁ ነጠቁት። ዘሊካም ያኔ ልጅ እግር ነበረች፤ ከቤታቸው ደጃፍ ላይ ሆና ጮኸችበት፦

"አባቴን በልተኸው አፈሩንም ልታለብሰው ነው?"

አያ ዋለ ራሱን አቀርቅሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይሄው አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሰው ሲቀበር ከሩቅ ከጉብታው ላይ ሆኖ ያያል እንጂ አይጠጋም። ዘሊካ ለሁሉም ሰው ሻይ ትሸጣለች፤ ለአያ ዋለ ግን አንድ ቀን አልሸጠችም። ዘንድሮ ደግሞ ሳሉ ከፋበት፤ ደረቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ሰው በየቤቱ "ዋለ የሞተ እንደሆነ ማን ይቆፍርለታል?" ይባባል ጀመር።

አሁን ወደ ጥር ልመልሳችሁ።

የዘሊካ የአክስቷ ልጅ ኢልሀም ከላላ ከተማ ተዳረችና ዘሊካ ለሠርጉ ሄደች። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ያከራየው ባህሩ ነበር። ባህሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ የመካነ ሰላም ልጅ ነው፣ ከአሕመድኑር ሞት በኋላ ከላላ ገብቶ የሠርግ ዕቃ በማከራየት የከበረ፣ ባለ አይሱዙ፣ መስጊድ የማይቀር፣ ድሃ የማይገፋ። ለዘሊካማ ደግሞ ባገኛት ቁጥር "የአባትሽን ነፍስ አላህ በጀነት ያኑራት" ሳይላት አያልፍም።

የሠርጉ ማግሥት ጠዋት ለቅልቅሉ ድግስ ሁለት ቦታ እሳት ነደደ። ለክርስቲያን ጎረቤቶች ለብቻቸው በግ ታርዶላቸዋል። የነሱ ወጥ ሠሪ ከተደረደሩት ድስቶች ትልቋን አንሥታ ሥጋውን ልትገለብጥባት ስትል፣ ባህሩ ከመኪናው ላይ ሆኖ አየና እንደ እብድ ጮኸ፦

"ኧረ ተይ! ኧረ ባለ ቀለበቷን ተያት! ባለ ቀለበቷ የእስላም ናት!"

ሴትዮዋ ደንግጣ አስቀመጠቻት። ሰውም "አበጀህ፣ ጉድ ልንሆን ነበር" ብሎ አመሰገነው። ዘሊካ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ባለ ቀለበቷ የእስላም ናት። የአባቷ ቃል! እንዳለ፣ ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት!

ውሃ የምትቀዳ መስላ ወደ ድስቷ ተጠጋችና ባለ ቀለበቱን ጆሮ በአውራ ጣቷ ፈተገችው። ጥላሸቱ ሲለቅ ነሐሱ ብልጭ አለ። እንደ ሹሩባ የተጠመዘዘ። ያ ረቢ! ያቺ ድስት ቀለበቷን አድርጋ ለአንድም ለቅሶ አልወጣችም። ቀለበቷ በገባችበት ሌሊት ነው የተሰረቀችው። ስለ ቀለበቷ የሚያውቁ አሕመድኑር፣ ዋለና ዘሊካ ብቻ ናቸው፤ ያቺን የአባቷን የመጨረሻ ማታ ደግሞ ዘሊካ እንኳ ለማንም አላወራችም። ይሄ ሰውዬ ከማን ሰማ? ያን ሳምንት ደሴ ነበርኩ ብሎ በአውጫጭኙ ላይ ቁርአን ይዞ የማለ እሱ አልነበረም?

እንግዲህ ዘሊካን አስቧት። በዙሪያዋ ሃምሳ ሴት፣ በሆዷ ደግሞ ከተማ የሚገለብጥ ነገር! አንዷ ሴት "ምነው ፊትሽ ተለዋወጠ?" ስትላት አፏ ተከፈተ፤ ቃሉ ጥርሷ ድረስ መጣ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከተናገረች ባህሩ ድስቷን ጥሎ፣ መኪናውን አስነሥቶ፣ ዓባይን ይሻገራል። "ጥርሴን አመመኝ" አለችና ጉንጯን በሻሽ አሰረች። አጀብ ነው! ዘሊካ አፏን በጨርቅ አሰረች።

ከሰዓት በኋላ ድስቶቹ ታጥበው ተጫኑ። አክስቷ ደግሞ አዝና "ሚኒባስ የለም፣ ባህሩ ነገ ማሻ ላይ ሠርግ አለብኝ ብሎ በመካነ ሰላም ነው የሚያልፈው፤ ጋቢና ያሳፍርሽ" አለች። ግን ድስቷ በምን ትሄዳለች? በዚያው መኪና አይደል! "ድስቷን ለቅቄማ የትም አልሄድ" አለች በሆዷ፤ ቢስሚላህ ብላ ወጣች።

ያ መንገድ አቧራውና ጉድጓዱ ሰው ይገድላል። መኪናው በዘለለ ቁጥር ከኋላ ድስቶቹ ይንኳኳሉ፣ ዘሊካም ትነጥራለች፣ ትከሻዋ ከባህሩ ትከሻ ጋር ይላተማል። እሱ መንዙማ ከፍቶ እያንጎራጎረ ነው።

"ዘሊካ፣ ዛሬ ምነው ዝም አልሽብኝ? በሽተኛ ያሳፈርኩ መሰለኝ እኮ" አላት።

"ጥርሴን፣ አያ ባህሩ።"

"አብሽሪ፣ ቅርንፉድ ያዢበት። ወላሂ፣ ያላንቺ ወሬ ይሄ መንገድ አያልቅም። አባትሽም እንዳንቺ ነበር፤ ያገኘውን ነገር ለሰው ካላሳየ እንቅልፍ አይወስደውም። አላህ ይዘንለት!"

ዘሊካ ምላሷን ነከሰች። ሆዷ ውስጥ ነገሩ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። "አንተ ውሻ፣ ምን አሳየህ? መቼ አሳየህ?" ብላ አንገቱን ልታንቀው እጇ ተነሣ። እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ሥር ደበቀችው። ዳገቱ ላይ አይሱዙው ሲያቃስት እሷም አብራው ታቃስታለች፤ ባህሩ የጥርሷ ሕመም መስሎት "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ይላታል። ከዚህ በላይ ምን መከራ አለ?

መካነ ሰላም ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ባህሩ መኪናውን መናኸሪያው ጎን አቆመና "ሻይሽን ጠጥቼ ነው የማርፈው፣ ንጋት ላይ ጉዞ አለብኝ" አለ። የሻይ ቤቷን ስትጠብቅላት የዋለችው ጎረቤቷ እንቁ ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

"መጣሽ! ንገሪኝ እስቲ፣ ሠርጉ እንዴት ነበር? ማን ከማን ተጣላ?"

"እንቁዬ፣ ለአያ ባህሩ ሻይ ቅጂለት፤ ፓስቲ ጨምሪለት፤ ደግሞ ድገሚለት። መድኃኒት ቤት ደርሼ እስክመጣ እንዳትለቂው፣ በሞቴ!"

እንቁ እስከ ዛሬ የምታወራው ይሄንን ነው። "ዘሊካ ከሠርግ መጥታ ወሬ ሳትነግረኝ ስትሄድ፣ ሞቷ ቀርቧል ብዬ ልቤ ተመታ" ትላለች።

ዘሊካ መድኃኒት ቤቱን አልፋ፣ ገበያውን አልፋ፣ ጫማዋ እየወለቀ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። መርማሪዋ ሳጅን ሀይማኖት ቢሮዋን ልትቆልፍ ቁልፍ ይዛ ቆማለች፤ ልጅ እግር ናት፣ ዘሊካ ዘንድ ሻይ የምትጠጣ። ዘሊካ ሻሹን ከጉንጯ ላይ ፈታ ወረወረችው። ቀኑን ሙሉ የታፈነው ሁሉ ወጣ! ድስቱ፣ ልጓሙ፣ በቅሎዋ፣ የኢልሀም ሠርግ፣ የሙሽራው እናት ኩራት ሳይቀር። ሀይማኖት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ተቀመጠች፣ ዓይኗ ፈጠጠ።

"እትዬ ዘሊካ፣ ቀስ ይበሉ። ከቀለበቱ ይጀምሩልኝ።"

እንደገና ነገረቻት። ሀይማኖት እስክሪብቶ አነሣች። ያኔ ዘሊካ እጇን ያዘቻት።

"ስሜን ግን አትጻፊ፣ እህቴ። እኔ ወፍ ነኝ። ወፍ ነገረችኝ በይ። ባህሩ ባለ ሀብት ነው፣ ዘመዱ ብዙ ነው፤ እኔ በጨርቅ የተጋረደች ሻይ ቤት ነው ያለኝ።"

"ወፍ ፍርድ ቤት አትቆምም፣ እትዬ ዘሊካ" አለች ሀይማኖት። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። "አያ ዋለን ያስወነጀለው ማን ነበር ያሉኝ?"

ወፍ! እሱም ወፍ ነበር። ስም የሌለው፣ ፊት የሌለው፣ ተጠየቅ የማይባል አንድ ሰው ሹክ ብሎ አንድ ሰው በቁሙ ተቀበረ። እሷም "አባቴን በልተኸው" ብላ የጮኸችው ያንን ወፍ አምና ነው። አፈረች፣ ተናደደች፣ ልታለቅስም ቃጣት።

"ጻፊው" አለች። "ዘሊካ አሕመድኑር ብለሽ ጻፊው። ጉልህ አድርገሽ! የት እንደምሸጥም ጻፊው፤ መምጣት የፈለገ ይምጣ።"

ፈረመች። ሀይማኖት ግን ገና አላበቃችም። "ቀለበቷ የዚያች ድስት መሆኗን ከእርስዎ ሌላ የሚመሰክር አለ?" አለቻት።

አለ። አንድ ሰው አለ። ዘሊካ ወደ እሱ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያውቀው እንደሆነ እግሯን ጠየቀችው።

ሀይማኖት ሁለት ፖሊሶች ይዛ፣ እንደ ደንበኛ ሆና ወደ ሻይ ቤቱ ወረደች። ዘሊካ ቁልቁል ወደ ከተማው ዳር ሮጠች። አያ ዋለ ደጃፉ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የማታ ፀሐይ ይሞቃል። ሲያያት ግድግዳውን ይዞ ተነሣ።

"ዘሊካ?" አለ። "ማን ሞተ?"

ወይ ጉድ! አሥራ ስድስት ዓመት ደጁን ያልረገጠች ሴት ስትመጣ፣ ሰውዬው ሌላ ምን ያስብ? ዘሊካ ትንፋሽ አጥሯት በሩን ያዘች።

"ማንም አልሞተም። አያ ዋለ፣ የበቅሎዎ ልጓም... አሁንም አለ?"

አያ ዋለ ዓይን ዓይኗን አያት። ምን ልጓም፣ ለምን፣ አላለም። ዞሮ ገባ፣ ሲያስል ተሰማ፣ ከአልጋው ራስጌ የተሰቀለውን ይዞ ወጣ። ቆዳው ደርቆ ተጨማዷል፤ በአንድ ጎኑ ቀለበቷ አለች፣ በሌላው ጎን ቦታው ባዶ ነው። ባዶውን ቦታ በጣቱ እየነካ፣

"ሌላዋን ቀለበት አገኘሻት?" አላት።

ዘሊካ እግሩ ላይ ወደቀች። እሱ ደግሞ ሊያነሣት አቅም የለውም፤ ጎንበስ ሲል ሳሉ ጀመረው፤ ሁለቱም መሬት ተቀመጡ፤ ያለቅሳሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ። "ተነሽ" አላት በመጨረሻ፣ "ያ ሰውዬ ሻዩን ጨርሶ ይሄድብናል።" ያንን ደረት ይዞ ዳገቱን እንዴት እንደወጣ እሱም አያውቀው። ደስታ እኮ ሳንባ ነው!

ሲደርሱ ባህሩ ሦስተኛ ብርጭቆው ላይ ነበር፤ እንቁ በፓስቲ ልትገድለው ምንም አልቀራትም። አያ ዋለን ልጓም ይዞ ሲያይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሀይማኖት ተነሥታ ማን መሆኗን ነገረችውና መኪናውን አስከፈተችው። ድስቷ ወረደች። አያ ዋለ ልጓሙን ከድስቷ ጆሮ ጎን ያዘው። ሁለቱ ቀለበቶች አንድ እጅ የጠመዘዛቸው መንትዮች ናቸው። መናኸሪያው ሁሉ፣ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ተሳፋሪው ከበበ።

"ከገበያ የገዛኋት ናት" አለ ባህሩ። ሊስቅም ሞከረ። "ሰው ያጠፋውን ዕቃ ገዛህ ተብሎ..."

"ይሁን" አለች ሀይማኖት። "የእስላም መሆኗን ማን ነገረህ?"

"ቀለበቷ አለባት አይደል! ባለ ቀለበቷ..."

"ባለ ቀለበቷ ምን? ቀለበቷ የገባችው አሕመድኑር በተገደለበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። አንተ ያን ሳምንት ደሴ ነበርኩ ብለህ ምለሃል። ቀለበቷ የምን ምልክት እንደሆነች ማን ነገረህ?"

ባህሩ ዙሪያውን አየ፤ የሚያመልጥበት አልነበረም። መኪናው መረገጫ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

"እሱ ራሱ ነው" አለ። "አሕመድኑር ራሱ። ዕቃውን ስጭን ደረሰብኝ። ሁሉንም ውሰድ አለኝ፣ ባለ ቀለበቷን ግን እንዳታቀላቅል፣ የእስላም ናት፣ ሰው በሐራም ታበላለህ አለኝ። ከዚያ ሊጮህ ሲል ገፋሁት። ደንጋይ ላይ... ልገድለው አልነበረም። ወላሂ አልነበረም። ድስቷን አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቀን አላቀላቀልኳትም።"

እኔ ራሴ እዚያ ነበርኩ፤ አንዲት ብርጭቆ እንኳ አልተንኳኳችም። ሰው ገድሎ፣ ንጹሕ ሰው ሲወነጀልበት አይቶ፣ ቁርአን ይዞ በውሸት ምሎ፣ ድስት ላለማቀላቀል የሚጠነቀቅ ፍጡር! ደም ይፈላል እኮ! ዘሊካ ግን አልሰደበችውም። ወደ ድስቷ ሄዳ ቀለበቷን ያዘችና "አባዬ" ብቻ አለች።

በማግሥቱ የቅሬው አባላት ተሰበሰቡ። ጋሽ ካሳ አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። መሐል ገብተው ቆሙና፣ "ለወፍ የማልኩት ለእውነተኛ ወፍ ነው" አሉ። "ዋለ በር ከፈተ ሲሉ ሰማሁ ብሎ በጆሮዬ ሹክ ያለኝ ባህሩ ነው። ከዋለ ጋር ይጠየቅ ብዬ ፊት ለፊት አቁሜው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ያልቅ ነበር።" ከዚያ ጎንበስ ብለው ደንጋይ አነሡ፣ አንገታቸው ላይ አደረጉት፣ አያ ዋለ ፊት ተንበረከኩ። ሰውም ተከትሏቸው ተንበረከከ። አያ ዋለ ደንጋዩን ከአንገታቸው ላይ አወረደ። "ተነሡ፣ ጋሽ ካሳ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ እኔ ሳልሞት ጠራልኝ" አለ። ስሙ ወደ ቅሬው ተመለሰ፤ እልልታው ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ተሰማ ብላችሁ አላጋነንኩም።

"ምን ትፈልጋለህ?" አሉት። "ካሣ ይሁን፣ በሬ ይሁን፣ ተናገር።"

"አካፋ" አለ አያ ዋለ።

ያልገባው ሰው ነበር። ዘሊካ ግን ገባት። ከሰው ቤት አካፋ ለምና አመጣችና ክንዱን ደግፋ ወደ እስላሙ መቃብር ወሰደችው፤ ሰው ሁሉ ከኋላ ተከተለ። የአሕመድኑር መቃብር ሣር በቅሎበታል፣ ደንጋዮቹ ሰምጠዋል። ዘሊካ አካፋውን ሰጠችው። ያ ሁሉ ወሬ ያላት ሴትዮ፣ ለዚያች ሰዓት አንድ ቃል አላገኘችም፤ ብትፈልግ ብትፈልግ፣ አጣች።

አያ ዋለ ከጎን ያለውን አፈር አንድ አካፋ ዛቀ። ወዲያው አልጨመረውም። ሳሉ እስኪያልፍለት ቆመ፣ አቀረቀረ፤ ከዚያ ጎረቤቱን ደጅ ላይ እንደሚያናግር ሰው፣

"አሕመድኑር፣ አረፈድኩብህ" አለ።

አፈሩንም አለበሰው።